ሽማግሌውና ደረቅ ሳሉ

አቶ ፈንታው ከቤታቸው አጠገብ ያለውን መድኃኒት ቤት አልፈው፣ ሚዛን ተፈሪን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ማንም አያውቀኝም ወዳሉት አዲስ መድኃኒት ቤት የሄዱት ሳላቸውን ለመደበቅ ነበር። ሰው ዕድሜውን ይደብቃል፣ ሀብቱን ይደብቃል፤ ሳል ግን ራሱ ተናጋሪ ነውና ለመደበቅ አይመችም። እሳቸውም ደጃፉን ረግጠው «እንደምን ዋላችሁ» ሊሉ ሲጀምሩ ሳሉ ቀደማቸውና ባንኮኒውን ተደግፈው አጎነበሱ።

ጋብ ሲልላቸው ቀና አሉ። ከባንኮኒው ወዲያ ነጭ ጋውን ለብሶ የቆመው አልአዛር ነበር።

በከተማው ካለው ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ሊያገኙት የማይፈልጉት ይህንኑ ልጅ ነው። አልአዛር የጎረቤታቸው ልጅ፣ ፋርማሲ ተምሮ የተመረቀ፣ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ሮዳስ የምትባል የሸኮ ልጅ ወዶ፣ አባቱም «ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልን» ብለው አቶ ፈንታውን ለምነው ነበር። አቶ ፈንታው በወጣትነታቸው ከወሎ ለቡና ንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ንግዱን ከተዉ ወዲህ ደግሞ መተዳደሪያቸው ባይሆንም መከበሪያቸው አንደበታቸው ሆኗል። ባለፈው እሑድ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሸኮ ከተማ ደርሰው ተመልሰዋል። ለልጁ የነገሩት «እንደ ደንቡ ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ሰጡን» ብለው ብቻ ነው።

«ጋሽ ፈንታው፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ አልአዛር። «እዚህ ሥራ መጀመሬን ማን ነገረዎት?»

«ሰምቼ ነው፤ እንኳን ደስ አለህ ልልህ» አሉ። ውሸት ደግሞ አንዴ ከጀመረ ጓደኛ ይፈልጋል። «በዚያውም ለባለቤቴ ትንሽ ካፕሱል ስጠኝ። ያቺን ባለ ሁለት ቀለሟን። አጸደን ሳል ይዟታል።»

«እትዬ አጸደን? ጠዋት ገበያ አግኝቻቸው በደንብ ሲከራከሩ ነበር።»

«ከቀትር በኋላ ነው የጀመራት» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሳሉ እንደገና ያዛቸው።

«እንግዲህ ለእርስዎም አጋብተውብዎታል» አለ አልአዛር ሳይስቅ፤ ወንበርም አቀረበላቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሸኮ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነበረኝ…» አሉና ምላሳቸውን ነከሱ።

«ሸኮም ስትሄዱ ያስልዎት ነበር?» አለ አልአዛር። 

«እሺ፣ ልንገርህ» አሉ አቶ ፈንታው። «ቀጠሮ የሰጡን በአንተ አይደለም፤ በጉሮሮዬ ነው። ‹ተቀመጡ› ሲሉን፣ እንደ ደንቡ ‹የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም› ብዬ ቆምኩ። ‹አንድ ወንድ ልጅ አለን› አልኩና ሳሉ ያዘኝ። ወይዘሮ አስካለች፣ የልጅቷ እናት፣ ውሃ አመጡ። ጠጥቼ እንደገና ‹አንድ ወንድ ልጅ አለን› አልኩ። አሁንም ያዘኝ። ሌላ ውሃ መጣ። በመጨረሻ አባትየው አቶ ተረፈ ‹አባባ፣ ልጅ እንዳላችሁ ገብቶናል፤ የቀረውን ሲሻልዎት ይነግሩናል› ብለው አሰናበቱን።»

አልአዛር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ቤተሰቡ ያልወደደኝ መስሎኝ ከእሑድ ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኝ ሰነበተ።»

«እንግዲህ አሁን ብላ። ግን እሑድ ካልተሻለኝ በእኔ ፈንታ የሚናገረው ሳህሉ ነው።»

ይህን ሲሰማ የልጁ ፊት ተለወጠ። አቶ ሳህሉ ቅን ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሽምግልና ሲቀመጡ ከአዳም መፈጠር ይጀምራሉ፤ ኖኅ ጋ ሳይደርሱ ወጡ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜም በስህተት ታናሽዬዋን ትተው ባል ያላትን ታላቋን ለምነው፣ በዚያ ቤት ስማቸው ሲነሳ አማችየው እስከ ዛሬ ይቆጣል።

«ስለዚህ ካፕሱሏን ስጠኝ» አሉ አቶ ፈንታው። «ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለራስህ።»

«መጀመሪያ ጥቂት ልጠይቅዎት። ሲያስልዎት አክታ አለው? ደም አይተውበታል?»

«ደረቅ ነው። ይከረክረኛል እንጂ የሚወጣ የለም።»

«ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ክሳትስ? ደረትዎን ይወጋዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ሱሪዬን ተመልከት፤ ቀበቶዬ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው እንጂ ወደ ውስጥ አይደለም። የቀረውም የለብኝም።»

«ስኳር አለብዎት? ለደም ግፊት የሚወስዱት ኪኒንስ? ከእነዚያ አንዳንዱ ደረቅ ሳል ያመጣል።»

«ግፊቴን የምትለካው አጸደ ናት፤ በድምፅ ነው የምትለካው። ኪኒን አልወስድም፤ ስኳርም የለብኝም። ቆይ፣ አንተ መድኃኒት ሻጭ ነህ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?»

«እንግዲያው ካፕሱል አያስፈልግዎትም» አለ አልአዛር። «ያለ ሐኪም ትእዛዝም አልሸጥልዎትም። ዝንጅብል ቀቅለው በማር ይጠጡ።»

አቶ ፈንታው ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። የተማረ ሰው ካፕሱል ይሰጣል፣ ያልተማረ ሰው ሥር ይቀቅላል፤ ይህ በእሳቸው ዘንድ ያለቀለት ነገር ነበር። ራሳቸው የድሮ ሰው ቢሆኑም መድኃኒትን በተመለከተ ከማንም በላይ ዘመናዊ ነኝ ይላሉ፤ ራሳቸውን ሲያማቸው ካፕሱል፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ካፕሱል፣ ጎረቤት የተረፈው ካፕሱል ካለም አይንቁም።

«የአባትህ ቡና እየተሸጠ ዓመታት ሙሉ ተምረህ፣ ያመጣህልን ዝንጅብል ነው?» አሉ። «እሱንማ ያልተማረውም ያውቃል። ደግሞ ቴፒ መንገድ ላይ ዝንጅብል እንደ ሣር ነው የሚበቅለው። በየማሳው የሚንከባለል ነገር መድኃኒት ሆኖ ማን ያከብረዋል?»

«የተማርኩት ለማን ካፕሱል እንደሚሰጥ ብቻ አይደለም ጋሽ ፈንታው፤ ለማን እንደማይሰጥም ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ደንበኛ ያስቀይማል።»

«ማሩንም ሞክሬዋለሁ። አልሠራም።»

«እንዴት አድርገው ሞከሩት?»

አቶ ፈንታው በወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። ስለ ሽምግልና ጥበባቸው ሲያወሩ እንዲህ ነው የሚቀመጡት። «አጸደ ማር ጠጣ አለችኝ። ጎረቤቴ ሁለት ካፕሱል ሰጠኝ። የሁለቱንም ፊት መመለስ አልወደድኩም። ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን ማሩ ላይ ነሰነስኩት፣ ቁንዶ በርበሬ ጨመርኩ፣ በአረቄ በጠበጥኩት። ሁሉንም አስታርቄ ጠጣኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«አለቀስኩ። የማያስለቅስ መድኃኒት ደግሞ መድኃኒት አይደለም።»

አልአዛር ሳቁን ለመዋጥ ወደ መደርደሪያው ዞር አለ፤ ዞሮ ሲመለስ ግን ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሌላውን ሲያርም ሊያዋርደው ይቸኩላል፤ ይህ ልጅ ግን ሰውን ከተቀመጠበት ማስነሳት የሚቻለው አጠገቡ በመቀመጥ መሆኑን ያውቃል።

«በእርስዎ ሙያ ልጠይቅዎት» አለ። «ከማንም ያልተጣላን ሰው ማስታረቅ ይቻላል?»

«አይቻልም። በምን ላይ ይታረቃል?»

«ካፕሱሉም ከእርስዎ ሳል ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ባክቴሪያ ከሚባለው ተሕዋስ ጋር ነው። ጉንፋን ጥሎት የሚሄደው ደረቅ ሳል ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ አይደለም። ጉሮሮው ተቆጥቶ፣ ደርቆ ነው። ባለጋራ በሌለበት ካፕሱሉን ቢያስገቡት ሆድዎን ያውካል እንጂ ለሳሉ አይፈይድም።»

«አይጠቅምም እንበል። ቢበዛስ ምን ይጎዳል?»

«አንድ ሽማግሌ በዶሮ ጠብ፣ በአጥር ጠብ፣ በልጆች ጠብ ሁሉ እየተጠራ ቢሄድ ምን ይሆናል?»

«ይረክሳላ። የደም ጠብ የመጣ ቀን ማን ይሰማዋል?»

«ይኸው ነው። ካፕሱልንም በየጉንፋኑ የጠራነው እንደሆነ ተሕዋሱ ይለምደዋል፤ እውነተኛ የሳንባ ምች የመጣ ቀን ቢጠሩት ቃሉ አይሰማም።»

አቶ ፈንታው አገጫቸውን አሻሹ። በሽምግልና ዘመናቸው ብዙ ሰው በራሱ ቃል አስረው ያውቃሉ፤ በራሳቸው ቃል ሲታሰሩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር።

«እሺ፤ ግን ልጄ፣ አንድ ስህተት ሠርተሃል። ስሙን ነገርከኝ። በእኛ አገር መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል። አያቴ መድኃኒት ያውቁ ነበር፤ ቅጠሉን ሳያሳዩ ቀጥቅጠው ነው የሚያጠጡት። ስሙን ይዘው ሞቱ።»

«ሲሞቱ መድኃኒታቸው የት ደረሰ?»

«አብሯቸው ሄደ።»

አልአዛር እጁን ዘርግቶ መደርደሪያውን አሳያቸው። «ይህን ሁሉ ይመልከቱ። ስሙ ያልተጻፈበት አንድ ካርቶን አለ? እርስዎ የሚያምኑት ካፕሱል እንኳ ስሙን በሆዱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ስሙና መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ሲያጠፋ ይታረማል፣ ሲያሽር ለሌላው ይተርፋል።»

አቶ ፈንታው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ፍርድ ሰጡ። «እንግዲያው ግማሽ ግማሽ እናድርገው። ግማሽ ካፕሱል፣ ግማሽ ዝንጅብል።»

«አይሆንም።»

«በጣም ግትር ሙሽራ ነህ» አሉ፤ ግን አልተቆጡም። «በል፣ አሠራሩን ንገረኝ።»

አልአዛርም ነገራቸው። አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ታጥቦ፣ በስሱ ተከትፎ፣ ሁለት ስኒ በሚሆን ውሃ ይንተከተካል። ወርዶ ለብ ሲል ማንኪያ ማር ይጨመርበታል። እንደ ጠላ በአንድ ትንፋሽ አይጠጣም፤ ጉሮሮን እያረሰ እንዲወርድ ጥቂት በጥቂት ይጎነጩታል። ማታ ሲተኙ ማሩን ብቻውን አንድ ማንኪያ መላስም ደግ ነው። ጨው በጣለ ለብ ያለ ውሃ መጉመጥመጥም ይረዳል። ቁንዶ በርበሬና አረቄ ቁስል ላይ እሳት ናቸው፤ ይቅሩ። «በሽታውን ያጠፋዋል አልልዎትም» አለ፤ «ሰውነትዎ ራሱን እስኪያድን ድረስ ጉሮሮዎን ያሳርፈዋል። ቀኑን የት ነው የሚውሉት?»

«ቡና መፈልፈያው ግቢ፣ ወንበሬ ላይ።»

«ከማሽኑ በየት በኩል?»

«ገለባው በሚወጣበት በኩል። ጥላ ያለው እዚያ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለክብሬ ያስቀመጠልኝ ወንበር ነው።»

«እንግዲያው ቀኑን ሙሉ የቡና ገለባ ብናኝ ሲተነፍሱ ውለው፣ ማታ ሳሉ ከየት መጣ ይላሉ።»

አቶ ፈንታው ከዝንጅብሉ ይልቅ ወንበሩ ከበዳቸው። ቢሆንም በማግሥቱ ራሳቸው ተሸክመው ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ በሩ አጠገብ አዛወሩት። ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቋቸው «የሚገባውንና የሚወጣውን ለማየት» አሉ።

ቤት ሲገቡ አጸደ ትእዛዙን ሰምታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔ ማር ስልህ የአሮጊት ነገር አልክ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሲነግርህ ሕክምና ሆነ?»

«አንቺ መጠኑን አልነገርሽኝም» አሉ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሳሉ ላላ፤ በሦስተኛው ማታ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድን ሰው የሚጎዳው አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ ሳይሆን መሻሉ ነው። ዓርብ ማታ አቶ ፈንታው «በጥቂቱ እንዲህ ከሆነ፣ በብዛቱማ» ብለው፣ አጸደ ዞር ስትል ቁንዶ በርበሬ በእፍኝ ጨምረው ሁለት መለኪያ አረቄ ቸለሱበት። ቅዳሜ ጠዋት ሲነሱ ድምፃቸው የለም። ከአፋቸው የሚወጣው የበር ማጠፊያ የመሰለ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው።

አጸደ ደውላ አልአዛር እየሮጠ መጣ። «ምን ጨመሩበት?» ሲል አቶ ፈንታው በጣታቸው ወደ ሚስታቸው ጠቆሙ።

«እኔ የጨመርኩት ዝምታ ብቻ ነው» አለች አጸደ። «አረቄው ግን ከጠርሙሱ ጎድሏል።»

አልአዛር አልተቆጣም፤ ፊቱ ላይ ግን አቶ ሳህሉና አዳም አብረው ታይተውት እንደ ነበር ያስታውቃል። «እስከ ነገ ድረስ አይናገሩ፤ በሹክሹክታም ቢሆን» አለ። «ዝንጅብሉ እንደ ነገርኩዎት ብቻ ይሁን። መድኃኒት ማለት ነገሩ ብቻ አይደለም፤ መጠኑም ነው።»

ከታዘዙት መድኃኒቶች ሁሉ አጸደ አብልጣ የወደደችው ይህንን ነበር። ያን ቀን ሙሉ እሷ ተናገረች፣ አቶ ፈንታው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በትዳር ዘመናቸው ተከማችቶ የነበረ ነገርም ብዙው በዚያ ቀን አለቀ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሸኮ፣ አቶ ተረፈ ቤት ቆመዋል። አቶ ሳህሉ ከኋላ ሆነው ቢጠሩ ለመጀመር ተዘጋጅተዋል። አቶ ፈንታው ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ፔርሙስ ይዘዋል።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ድምፃቸው ሻከር ቢልም ወጣ። «አንድ ወንድ ልጅ አለን።» ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሳሉ አልመጣም። «እናንተም አንዲት ልጅ አለቻችሁ። ልጃችን ቤተሰባችሁን ወዶ፣ ልጃችሁን መርጦ…» እዚህ ላይ ጉሮሯቸውን ከረከራቸው። ፔርሙሱን አውጥተው ተጎነጩ።

አቶ ተረፈና ወይዘሮ አስካለች ተያዩ። ቤቱ የወንጌል አማኝ ቤት ነው፤ አረቄ እንኳን ሊጠጣ ስሙ አይነሳበትም። ከጋቢ ሥር ወጥቶ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ነገር ደግሞ ሌላ ምን ይሆናል?

«አባባ» አሉ አቶ ተረፈ በትሕትና፤ «የሚጠጡት ምንድነው?»

«የቤት መድኃኒት ነው» የሚል መልስ አቶ ፈንታው ምላስ ላይ መጣ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት የኖሩት ይህንን ነው። ግን ጠጪም ሲጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው። ከኋላቸው አቶ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰሙ። የአልአዛር ትዳር በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያቺም ቃል አያታቸው ይዘዋት የሞቱት ዓይነት ናት።

«ዝንጅብል ነው» አሉ። «ዝንጅብልና ማር። ሌላ የለውም። ዓርብ ዕለት ሌላ ጨምሬበት ነበር፤ ቅዳሜን ዱዳ ሆኜ ዋልኩ።» በክዳኑም ቀድተው ለወይዘሮ አስካለች ሰጧቸው።

ወይዘሮ አስካለች አሸተቱት፤ ቀመሱትም። «ማሩ ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዝንጅብሉ ምን ያህል ነው?»

አቶ ፈንታው አውራ ጣታቸውን አሳዩ። ከዚያ ወዲያ የልመናው ነገር ቆሞ ቤቱ የጉሮሮ ጉባኤ ሆነ። ውሃው፣ አከታተፉ፣ ማሩ የሚጨመርበት ጊዜ ሁሉ ተጠየቀ። አንዲት አክስት የታቀፈችውን ሕፃን እያሳየች «ለእሱስ ማሩን ላልሰው?» ስትል፣ አቶ ፈንታው እጃቸውን አንሥተው «ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቅመስ፤ አደገኛ ነው» አሉ። ይህን ቅዳሜ ዕለት፣ መናገር ተከልክለው ማዳመጥ ግድ በሆነባቸው ጊዜ፣ ከአልአዛር ሰምተውት ነበር።

አቶ ተረፈ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ ጓዳ ተኝታለች። ካሳላት ሁለት ወር አልፏታል። ከስታለች፣ ሌሊት ያልባታል። እኛም ያላጠጣናት ቅጠል የለም። ይህ ይሻላታል?»

ቀድሞ ቢሆን አቶ ፈንታው ፔርሙሱን እዚያው ትተውላቸው ይመረቁ ነበር። አሁን ግን አልፈጠኑም። «አይ ወንድሜ» አሉ። «ይህ የደረቅ ጉሮሮ ማሳረፊያ ነው፤ ለእሳቸው አይበቃም። ልጃችን ትናንት ያስተማረን እንዲህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ክሳትና ላብ ያለበት፣ ደም ያለው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ጓዳ አይታከምም። ነገ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ አክታቸው ይመርመር። ቲቢ ቢሆንም የሚድን ነው፤ የሚገድለው መደበቁ ነው።»

 ከጓዳ የአሮጊቷ ሳል ተሰማ።

«ለልጁ ብላችሁ መጥታችሁ የእናቴን ነገር ነገራችሁኝ» አሉ በመጨረሻ አቶ ተረፈ። «‹ይበቃታል› ብትሉኝ ደስ ብሎኝ አምናችሁ ነበር፤ ለጉዳያችሁም ይቀናችሁ ነበር። እንዲህ የሚያስተምር ልጅ ቤታችን ቢገባ አይከፋንም። ሮዳስም ካለፈው እሑድ ጀምሮ ‹ሽማግሌው ተሻላቸው ወይ› እያለች ስትጠይቅ ሰንብታለች። ተቀመጡ።»

አቶ ሳህሉ ወደ አቶ ፈንታው ጠጋ ብለው «ስለ አዳም ትንሽ ልጨምር?» አሉ።

«ተቀመጥ» አሏቸው አቶ ፈንታው።

ሰኞ ዕለት አሮጊቷ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ ተመርምረው ሕክምናቸውን ጀመሩ። እንግዲህ ነገሩን ላስተዋለው፣ በአንድ ሥር ዝንጅብል የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ጉሮሮ አርፏል፤ ካፕሱል ለሚያስፈልገው ቀን ተቆጥቧል፤ የተሸሸገ ዕውቀት ወጥቶ የሰው ሁሉ ሆኗል፤ ከሁሉም በላይ የቤት መድኃኒት የሚበቃውና የማይበቃው ሳል ተለይቷል። ቅጠላችንን መናቅም፣ ሁሉን ያድናል ብሎ ማምለክም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው፤ ሁለቱም ከመጠየቅ ያሳርፋሉና።

ዛሬ በመፈልፈያው ግቢ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት አቶ ፈንታው ሲያስል የሰሙትን ሰው ሁሉ ጠርተው «አክታ አለው? ከስተሃል? ስንት ጊዜ ሆነህ?» እያሉ ይመረምራሉ። ሰዎችም ሳል ሲመጣባቸው በዚያ በር ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዳሉ።

«ሳሉስ ለቀቀው» ትላለች አጸደ፤ «አሁን የቸገረን ስለ ሳል ማውራቱ ነው።»